ዘጠኝ መቶ ሃያ ግራም

የማውቀው ሚዛን የዓሣ ሚዛን ነበር፣
ከማኅበራችን ደጅ፣ ከሐይቁ ድንበር፤
ቆሮሶ ሲመጣ፣ አምባዛ ሲመጣ፣
ጣቴ ቀድሞ ያውቃል ስንት እንደሚወጣ።
ኪሎ ያልሞላውን «ገና ነው» እንላለን፤
ፈትተን ከመረቡ ለውኃው እንመልሳለን።

ያን ሌሊት በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ሽንብጥ ሰፈር ሁሉ መብራቱ እንደጠፋ፣
እናንዬን የሽርት ውኃ ቀድሟት ፈሰሰ፤
ስድስት ወር ከሳምንት፤ ቀኑ መች ደረሰ?
«አይዞሽ እትዬ» ይላል ባለባጃጁ ልጅ፣ ጉድጓዱን እየለየ፣
እኔን በመስተዋቱ ሰርቆ እያየ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል።
«ጽንሱ» አለኝ፣ «ዞሮ በእግሩ መጥቷል።
ኦፕራሲዮን ብናደርግ፣ ማሕፀኗ ገና አልሳሳም፤
ለሚቀጥለውም ልጅ ጠባሳው አይረሳም።
ብንተወው፣ ገላው ሾልኮ ጭንቅላቱ ይያዛል፤
ትንሽ ደቂቃ ናት፤ ትንሹም ይበዛል።»
«የቱ ነው የሚያተርፈው?» ብዬ ጠየቅሁት፤
ጓንቱን አወለቀ፤ ቆሜ ጠበቅሁት።
«አላውቅም። በምላጭም ቢወጣ፣ በምጥም ቢወለድ፣
የኖሩም ያለፉም አሉ በሁለቱ መንገድ።»

ስንቱን አይቻለሁ «አውቃለሁ» የሚል፣
ጣቱን ሚዛን ላይ ጥሎ በእግዜር የሚምል፤
«አላውቅም» ያለኝን ያን ልጅ ግን አመንሁት፤
ወረቀቱን አምጣ ብዬ እጄን ዘረጋሁት።

ብዕሩ በእጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየች።
«ሆዱ የኔ ነው፤ ፈራሚዋም እኔ» አለች።
ምጥ መጥቶ ሲያጎብጣት ትንፋሿን ቋጠረች፤
«እናን» ብላ ጻፈች፤ «ዬ»ዋ እዚያው ቀረች።

ሴት ናት።
እንደ ድመት ግልገል አንድ ጊዜ ሲጥ አለች።
ሚዛናቸው ነጭ ነው፤ እንደኔው ዝገት የለበትም።
ዘጠኝ መቶ ሃያ ግራም።
«ገና ናት» ብዬ ለየትኛው ውኃ ልመልሳት?
የመጣችበት በር በክር ተሰፍቶባት!

ሲስተር ይታይሽ ጠርሙስ ውስጥ ቱቦ ነከረች፤
ሌላውን ጫፍ ለአፍንጫዋ በፕላስተር አሰረች።
ውኃው ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል፤
«ይሄ እስካለ ድረስ ሳንባዋ ክፍት ይውላል።»
ድምፁን አውቀዋለሁ።
ጎሕ ሳይቀድ፣ መረብ ሳልጥል፣ ከታንኳዬ ሥር
ደንገሉ መሐል ሐይቁ ሲተነፍስ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ሄደ፤ ማሞቂያው ጠፋ።
«ሸሚዝህን አውልቅ» አለችኝ ሲስተር።
«ታጥቤም ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ» አልኋት ተሸማቅቄ፤
ሰምታኝም አልሰማች፤ ደረቴ ላይ አኖረቻት፤
ተቀመጥሁ፣ ማስነጠስ ፈርቼ፣ ትንፋሼን አምቄ።
የኔ ልብ አንዴ ሲመታ የሷ ሁለቴ።

ከደቅ በጀልባ የመጣች እናት ነበረች አጠገባችን።
ያለ ምላጭ ወለደች፤ ልጇ ከኛዋ በመቶ ግራም ይከብዳል።
በዘጠነኛው ቀን ጠርሙሱ ዝም አለ።
ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ዘርግታ፣ ደግሞ አጣጥፋ፣
«ብቀደድ ኖሮስ?» ብላ ጠየቀችኝ፤
እኔን፣ ዓሣ መዛኙን።
ያችኑ የዶክተሩን ቃል ሰጠኋት፤
ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ዛሬ ሃያ አራተኛ ቀኗ ነው።
እግሯ ላይ የታሰረው አሁንም «የእናንዬ ልጅ» ይላል፤
ስም አልወጣላትም። እናቷ «ኪሎ ስትሞላ» ብላለች።
ቱቦው ከትናንት ወዲያ ወልቆላታል፤
ጉንጯ ላይ የፕላስተሩ ምልክት ቀርቷል።
ሲስተር መዘነቻት። ዘጠኝ መቶ ዘጠና አምስት።
ሃያ ዓመት በሚዛን ያልዋሸሁ ሰውዬ፣
ጣቴ ከኪሴ ወጣች፤ እኔ አላዘዝኋትም፤
ሄዳ ከሚዛኑ ጥግ ዐረፈች፣ በቀስታ።
«ጣትህን አንሣ» አለችኝ ሲስተር፣ ሳትስቅ።
አነሣሁ።
«ነገ እንመዝናለን።»
ከጥግ የሌላ ልጅ ጠርሙስ፤ ቡልቅ፣ ቡልቅ።